መጀመሪያ ሰጡ፣ ኋላ ለኩ፦ የፕሮጄስትሮን 120 ዓመታት

የመካንነት ሕክምና የሚከታተሉ ብዙ ሴቶች ዛሬ ዛሬ በቃላቸው የያዙት አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በደማቸው ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን መጠን ነው። በላቦራቶሪ ተዳቅሎ ቀዝቅዞ የተቀመጠው ፅንስ ወደ ማሕፀን በሚገባበት ቀን ወይም በዋዜማው ደም ይቀዳል። ውጤቱ በሚሊሊትር ከ10 ናኖግራም በላይ ከሆነ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ከዚያ በታች ከሆነ ጭንቀት ይጀምራል፤ መድኃኒት ይጨመራል፣ አንዳንዴም ቀጠሮው ይተላለፋል።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ምን ያህልስ ሊታመን ይገባል? መልሱን ለማግኘት ከ120 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሐኪሞች ሆርሞን መስጠት የጀመሩት መጠኑን መለካት ከመቻላቸው በፊት ነው፤ ጥቅሙን ያመኑትም ከሰጡት እና ካልሰጡት ሰዎች የቱ እንደሚሻል ከማነጻጸራቸው በፊት ነው። የዚህ ቅደም ተከተል ዋጋ የተከፈለው በሴቶች እና በልጆቻቸው ነው።

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብሬስላው ጥንቸሎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብሬስላው የጀርመን ከተማ ነበረች። ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። በዚያ ያስተምር የነበረው ጉስታቭ ቦርን፣ የኋለኛው ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ የማክስ ቦርን አባት፣ አንድ ጥርጣሬ ነበረው። እንቁላል ከወጣ በኋላ በባዶው ከረጢት ቦታ ትንሽ ቢጫ እጢ ይፈጠራል። በላቲን ኮርፐስ ሉቲየም ይባላል፤ ትርጉሙም ቢጫ አካል ማለት ነው። የዚህ እጢ ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቦርን ግን ፅንሱ ማሕፀን ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርገው እርሱ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ።

ቦርን በ1900 ሲሞት ሐሳቡን ለተማሪው ለሉድቪግ ፍሬንክል አውርሶ ነበር። ፍሬንክል ጥንቸሎች ከተጠቁ በኋላ ቢጫውን እጢ አጠፋባቸው። እርግዝናው አልዘለቀም። ውጤቱ በ1903 በሰፊው ታተመ። የሕክምና ሳይንስም አንድ ነገር ጨበጠ፦ እርግዝና ሲጀመር የሚጠብቀው ዘብ አለ፤ ዘቡም በየወሩ ተሠርቶ፣ እርግዝና ከሌለ በሁለት ሳምንት ገደማ የሚፈርስ ትንሽ እጢ ነው።

በ1929 በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ኮርነር እና ዊላርድ አለን ከዚህ እጢ የተጨመቀ ፈሳሽ አዘጋጁ። እንቁላል የሚያመርተው አካላቸው የወጣባቸው ጥንቸሎች በዚህ ፈሳሽ እርግዝናቸውን ይዘው መቆየት ቻሉ። በ1934 አዶልፍ ቡተናንትን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ንጹሑን ሆርሞን በተቀራራቢ ጊዜ ለይተው አወጡ። በ1935 ፕሮጄስትሮን የሚለው ስም ጸደቀ፤ እርግዝናን የሚደግፍ እንደማለት ነው።

መድኃኒቱ ግን ከወርቅ የከበደ ነበር። ጥቂት ሚሊግራም ለማግኘት በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ አሳማዎች እጢ መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር። ይህን የለወጠው ራስል ማርከር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በ1940ዎቹ በሜክሲኮ ከሚበቅል የዱር ቦዬ ፕሮጄስትሮን የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። በ1944 ሲንቴክስ የተባለው ኩባንያ በሜክሲኮ ተቋቋመ፤ ዋጋውም ወረደ። ሆርሞኑ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ለሐኪም ማዘዣ ደረሰ። በሴቲቱ ደም ውስጥ ስንት እንዳለ በቀላሉ የሚለካበት መሣሪያ ግን ገና አልነበረም።

ያልተለካው እምነት

በዚህ ጊዜ ከፕሮጄስትሮን ጎን አንድ ሌላ መድኃኒት ተነሣ። በ1938 በለንደን በቻርልስ ዶድስ ቡድን የተሠራው ዳይኢታይልስቲልቤስትሮል፣ በአጭሩ ዲኢኤስ፣ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነው። ርካሽ ነው፣ በአፍ ይዋጣል። በቦስተን የሚሠሩት ባልና ሚስት ጆርጅ እና ኦሊቭ ስሚዝ መድኃኒቱ ነፍሰ ጡር ሴት ራሷ ተጨማሪ ፕሮጄስትሮን እንድታመርት ያደርጋል፣ ስለዚህ ፅንስ እንዳይጨናገፍ ይከላከላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ልጅ የጨነገፈባቸው እናቶች ጠየቁት፣ ሐኪሞችም አዘዙት።

በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ዲክማን እና ባልደረቦቹ ቀድሞ መደረግ የነበረበትን አደረጉ። ወደ 1,600 የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ሰጡ። መድኃኒቱ መጨናገፍን አልቀነሰም። መልሱ ግልጽ ነበር። ሆኖም ማዘዣው ቀጠለ፤ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሆን 18 ዓመት።

በ1971 በቦስተን አርተር ኸርብስት እና ባልደረቦቹ እጅግ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር የያዛቸውን 8 ወጣት ሴቶች ታሪክ አጠኑ። የ7ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ወቅት ዲኢኤስ ወስደው ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፍሰ ጡሮች እንዳይወስዱት አስጠነቀቀ። እስከዚያ ድረስ ግን በእናቶቻቸው ማሕፀን ሳሉ ለመድኃኒቱ የተጋለጡት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲኢኤስ ፕሮጄስትሮን አይደለም፤ ዛሬ በመካንነት ሕክምና የሚሰጠው ፕሮጄስትሮን የሰውነት ሆርሞን ራሱ ነው። ጉዳዩ እዚህ የተነሣው ስለ ኬሚካሉ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የዲኢኤስ ዘመን ሐኪሞች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቸኩለው ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከፈሰሰው ብዙው ተመልሶ የማይለቀም መሆኑ ነው።

ቆጣሪው ሲመጣ

ሆርሞንን ከጥቂት ደም መለካት የተቻለው በ1950ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ሮዛሊን ያሎ እና ሰለሞን በርሰን በፈጠሩት ዘዴ ነው። በጨረራ ምልክት የተደረገበት ሆርሞን እና በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ለአንድ መያዣ እንዲሽቀዳደሙ በማድረግ እጅግ ጥቂት መጠንን ይቆጥራል። መጀመሪያ ለኢንሱሊን ነበር። ቀጥሎ ለሌሎች ሆርሞኖች፣ ፕሮጄስትሮንንም ጨምሮ፣ ተስፋፋ። ያሎ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት፤ በርሰን ቀድሞ ሞቶ ስለነበር አልደረሰበትም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርፓድ ቻፖ የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም በዚህ ልኬት በመታገዝ የፍሬንክልን ጥያቄ ከጥንቸል ወደ ሰው አሻገረው። ቢጫው እጢ ከእርግዝናው 7ኛ ሳምንት በፊት ከወጣ የደሙ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ እርግዝናውም ይጨናገፋል። ከ9ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ከወጣ ግን እንግዴ ልጁ ሥራውን ስለተረከበ እርግዝናው ይቀጥላል። እጢው ቀደም ብሎ ወጥቶ ፕሮጄስትሮን ከውጭ ከተሰጠ ደግሞ እርግዝናው ሊጸና ይችላል። ለቀጣዩ ዘመን በር የከፈተው ይህ የመጨረሻው ግኝት ነው።

ቀዝቃዛው ጋን እና የቀን መቁጠሪያው

ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ ኦልድሃም ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከሰውነት ውጭ ተዳቅላ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሰው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶ እና ጂን ፐርዲ ያን ስኬት ያገኙት ሆርሞን በብዛት መስጠቱን ትተው ነው። ቀደም ሲል እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት ሰጥተው ደጋግመው ከሽፎባቸዋል። በመጨረሻ የሴቲቱን ተፈጥሯዊ ዑደት ተከትለው አንዲት እንቁላል ወሰዱ። ማሕፀኗን ያዘጋጀው የራሷ ቢጫ እጢ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው መጣ። በ1972 የአይጥ ፅንስ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ቆይቶ ሲቀልጥ በሕይወት መቀጠሉ ታይቶ ነበር። በ1983 በሜልበርን አለን ትራውንሰን እና ሊንዳ ሞር ከቀዘቀዘ የሰው ፅንስ የመጀመሪያውን እርግዝና አስመዘገቡ፤ ለመውለድ ግን አልደረሰም። በ1984 በዚያችው ከተማ ዞዊ የተባለች ሕፃን ከቀዘቀዘ ፅንስ ተወለደች።

በዚያው ዓመት ከሜልበርን ሌላ ዜና ወጣ። እንቁላል የሚያመርተው አካሏ ሥራ ያቆመ አንዲት ሴት በሌላ ሴት እንቁላል አርግዛ ወለደች። ቢጫ እጢ የሌላትን ይህችን ሴት ለእርግዝና ያበቃት ከውጭ የተሰጣት ኢስትሮጅን እና ፕሮጄስትሮን ነበር። ቻፖ ያሳየው ነገር ሕክምና ሆነ።

ሁለቱ ግኝቶች ሲገናኙ ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች የተለመደው አሠራር ተወለደ። ሴቲቱ ለሁለት ሳምንት ገደማ ኢስትሮጅን ትወስዳለች፤ የማሕፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ይወፍራል። ከዚያ ፕሮጄስትሮን ይጀመራል። ሽፋኑ ፅንስ ለመቀበል የሚከፈተው ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የ5 ቀን ዕድሜ ያለው ፅንስ ፕሮጄስትሮኑ 5 ቀን ያህል ከተወሰደ በኋላ ይገባል። ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ ዑደት ይሉታል። በዚህ ዑደት እንቁላል አይወጣም፤ ስለዚህ ቢጫ እጢም አይኖርም።

አሠራሩ መጀመሪያ የታሰበው እጢው ለሌላቸው ሴቶች ነበር። ቀስ በቀስ ግን በየወሩ ራሳቸው እንቁላል ለሚያወጡ ሴቶችም ተሰጠ። አንዱ ምክንያት የቀን መቁጠሪያ ነው። በተፈጥሯዊ ዑደት ቀኑን የሚወስነው የሴቲቱ አካል ነው፤ እሑድም ሊሆን ይችላል። በሰው ሠራሽ ዑደት ክሊኒኩ ቀኑን ይመርጣል። ከ2000 ወዲህ ፅንስን በቅጽበት እንደ መስታወት የሚያጠነክረው የጃፓኖች ዘዴ ሲስፋፋ አብዛኛው ፅንስ ከቅዝቃዜ በሕይወት መውጣት ጀመረ፤ የቀዘቀዘ ፅንስ ዝውውርም ከአማራጭነት ወደ ልማድነት ተሸጋገረ። ዛሬ በአሜሪካ አብዛኛው ዝውውር የቀዘቀዘ ፅንስ ነው።

9.2

ከ1984 በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ጥያቄ ብዙም ትኩረት አላገኘም። እጢ በሌለበት ዑደት ያለው ፕሮጄስትሮን በሙሉ ከመድኃኒት የመጣ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ በቂ መሆኑን ማን አረጋገጠ? በብልት በኩል የሚገባው መድኃኒት በቀጥታ ማሕፀን ስለሚደርስ በደም ውስጥ ዝቅ ቢልም ችግር የለውም ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ መጠኑ ለሁሉም አንድ ሆነ፤ ደም መመርመርም እንደ ትርፍ ሥራ ታየ።

በ2017 በስፔን ቫሌንሺያ የኤሌና ላባርታ ቡድን ይህን እምነት ነቀነቀው። ፅንስ በሚገባበት ቀን የደማቸው ፕሮጄስትሮን ከ9.2 ናኖግራም በታች የነበሩ ሴቶች እርግዝናቸው የሚቀጥልበት ዕድል ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2021 ከ1,100 በላይ ሴቶችን ይዞ በተደረገው ተከታይ ጥናት ድንበሩ 8.8 ሆነ። ክሊኒኮች 10ን እንደ ማስጠንቀቂያ መስመር መያዝ የጀመሩት በእነዚህ እና በመሰል ጥናቶች ምክንያት ነው።

ነገር ግን በ2015 ከኒው ዮርክ የወጣ ሌላ ጥናት ተቃራኒ የሚመስል ነገር ተናግሮ ነበር። በጡንቻ የሚወጋ ፕሮጄስትሮን የወሰዱ፣ መጠናቸው ከ20 በላይ የወጣ ሴቶች የመውለድ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ታየ። ታዲያ ማነሱ ነው ወይስ መብዛቱ የሚጎዳው? ቢያንስ አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ በብልት የገባ መድኃኒት የሰጠው 10 እና በመርፌ የገባው 10 በማሕፀን ውስጥ አንድ አይደሉም።

የላቦራቶሪ ወረቀቱን እንደ ፍርድ ለሚያነቡ ሰዎች ደግሞ ከ1984 የቆየ አንድ ጥናት አለ። ማርኮ ፊሊኮሪ እና ባልደረቦቹ በተፈጥሯዊ ዑደት ላይ ያሉ ጤናማ ሴቶችን ደም ለ24 ሰዓት ቶሎ ቶሎ ቀዱ። ፕሮጄስትሮኑ በፍጥነት ይወጣል ይወርዳል፤ አንዴ እስከ 2.3 ዝቅ ይላል፣ ሌላ ጊዜ እስከ 40.1 ይደርሳል። ቢጫው እጢ ሆርሞኑን የሚለቀው እንደ ልብ ትርታ እየቆራረጠ ነውና። መድኃኒት በምትወስድ ሴት መዋዠቁ እንዲህ የበረታ አይደለም፤ ሆኖም መድኃኒቱ ከተወሰደ ስንት ሰዓት እንዳለፈ፣ የሴቲቱ ክብደት እና የላቦራቶሪው የመለኪያ ዓይነት ቁጥሩን ይለውጡታል። ለዚህ ነው አንድ ጠዋት የተቀዳ ደም ምስክር እንጂ ዳኛ ሊሆን የማይችለው።

ማነጻጸር የሰጠው መልስ

ዝቅተኛ ቁጥር እና ያልተሳካ እርግዝና አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ይህን የሚለየው ዲክማን በ1953 የተጠቀመበት መንገድ ነው፦ ሴቶችን በዕጣ መደልደል እና ማነጻጸር። በአሜሪካ በኬት ዲቫይን የተመራ ቡድን ከ1,000 በላይ ሴቶችን በሦስት ደለደለ። በየቀኑ በጡንቻ መርፌ ከወሰዱት 44 በመቶ፣ በብልት የሚገባውን ወስደው በየሦስት ቀኑ መርፌ ከተጨመረላቸው 46 በመቶ ዝውውሮች ልጅ ተወለደ። በብልት የሚገባውን ብቻ ከወሰዱት ግን 27 በመቶ ብቻ። ለልዩነቱ ትልቁ ምክንያት እርግዝናው ከጀመረ በኋላ መጨናገፉ ነው። የመጨረሻው ውጤት የታተመው በ2021 ነው።

በዚያ መድኃኒት እና በዚያ መጠን፣ ለብዙ ዓመታት በቂ ነው የተባለው በቂ አልነበረም ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ፅንሳቸው የጨነገፈባቸው ሴቶች ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ፅንሱ ደካማ ነበር ወይም ዕድል ነው የሚል መልስ ነበር። ከእነርሱ መካከል ስንቱ የመድኃኒት እጥረት እንደነበረበት አሁን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ አልተለካምና።

የቫሌንሺያው ቡድንም በ2022 ቁጥራቸው ዝቅ ላለ ሴቶች ከቆዳ ሥር የሚወጋ ፕሮጄስትሮን ሲጨመር የመውለድ ዕድላቸው ከሌሎቹ ጋር እንደተስተካከለ ዘግቧል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን በዕጣ የተደለደለ ንጽጽር አልነበረም። የዲኢኤስን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ልዩነት በቀላሉ አያልፈውም።

ማነጻጸር እምነትን ማፍረስ ብቻ ሳይሆን ማጥራትም ይችላል። በብሪታንያ በአሪ ኩማራሳሚ የተመሩ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ በ2015 እና በ2019 የታተሙት፣ ፕሮጄስትሮን ለሁሉም መጨናገፍ መድኃኒት እንዳልሆነ አሳዩ። በሁለተኛው ግን በእርግዝና መጀመሪያ ደም ለሚፈሳቸው፣ ቀድሞም ለጨነገፈባቸው ሴቶች ጥቅም ያለው ይመስላል። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ በ2021 ለእነዚህ ሴቶች እንዲሰጥ መከረ። ለማን የሚለው ጥያቄ ከስንት የሚለው ጥያቄ እኩል ክብደት አለው።

ቁጥሩ የማያሳየው

ፕሮጄስትሮኑ 15 ሆነ 25፣ የደም ምርመራው የማይናገረው አንድ ነገር ይቀራል። ቢጫው እጢ የሚያመርተው ፕሮጄስትሮን ብቻ አይደለም። የነፍሰ ጡርን የደም ሥሮች ለእርግዝና የሚያላላ ነው ተብሎ የሚታሰበውን ሪላክሲን እና ሌሎች ንጥረ ነገሮችንም ይለቃል። በመድኃኒቱ ውስጥ እነዚህ የሉም።

በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቢጫ እጢ በሌለበት ዑደት ያረገዙ ሴቶች ፕሪኢክላምፕሲያ፣ ማለትም አደገኛው የእርግዝና ደም ግፊት፣ በብዛት እንደሚይዛቸው አሳየ። ከስዊድን እና ከጃፓን የተገኙ ሰፋፊ የመዝገብ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። በሌላ በኩል በ2016 የታተመ የኔዘርላንድስ ንጽጽር በተፈጥሯዊ እና በሰው ሠራሽ ዑደት መካከል በመውለድ ዕድል ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ራሷ እንቁላል ለምታወጣ ሴት ትርጉማቸው ትልቅ ነው፤ ልጅ የማግኘት ዕድሏ የሚቀራረብ ከሆነ፣ የራሷን እጢ ማስቀረት የሚገባው ለሕክምና ምክንያት እንጂ ለቀጠሮ ምቾት ብቻ መሆን የለበትም። እንቁላል ለማታወጣ ሴት ደግሞ ሰው ሠራሹ ዑደት ምትክ የሌለው በረከት ነው፤ የደም ግፊቷን በቅርብ መከታተል ግን ይገባል።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሥራ ጀምሯል። ወደ ውጭ አገር ሄደው የሚታከሙም አሉ። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን እንደ ማንኛውም ዜጋ እስከ ሁለት ልጅ ድረስ መንግሥት ወጪውን ይሸፍንላቸዋል። ጥሪቷን አሟጣ፣ በተወሰነ የቪዛ ቀን ሌላ አገር ለምትሄድ ሴት ቀኑ የተቆረጠው ሰው ሠራሽ ዑደት ብቸኛ አማራጭ ሊመስል ይችላል። አንዳንዴም ነው። ቢሆንም ከመሄዷ በፊት ልትጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ዑደቱ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ፣ ለምንስ ተመረጠ? ፕሮጄስትሮኑ በየት በኩል ይሰጣል? ደሙ የሚቀዳው መድኃኒቱ ከተወሰደ በስንት ሰዓት ነው? ቁጥሩ ዝቅ ቢል ምን ይደረጋል? ከተፀነሰ በኋላ የደም ግፊቷን ማን ይከታተላል?

ልጅ ያጣ ቤተሰብ በአገራችን የሚሸከመው የሐኪም ወጪ ብቻ አይደለም፤ የአማት ዝምታ እና የጎረቤት ጥያቄም አለ። ሸክሙ በብዛት የሚወድቀው በሴቲቱ ትከሻ ላይ ነው። ዝውውሩ ሲከሽፍ ጥፋቱን በራሷ ላይ የምታደርገው እርሷ ናት፦ ብዙ ቆሜ ይሆን፣ ዕቃ አንስቼ ይሆን እያለች። የ120 ዓመቱ ታሪክ ለእርሷ የሚነግራት ሌላ ነው። ሳይለኩ የሰጡ፣ ሳያነጻጽሩም ያመኑ ሌሎች ነበሩ። ዛሬ መለኪያውም ማነጻጸሪያውም በእጅ አለ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከነማብራሪያው መጠየቅ መብቷ ነው፣ መመለስም የሐኪሟ ግዴታ።